ማንነትን የተሸከመ አድራሻ፤ ሊንክ ከመላክዎ በፊት ሊያደርጉት የሚገባ ጥንቃቄ

በኢንተርኔት ያለ የአንድ ገጽ አድራሻ፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው፣ ሁልጊዜ ቦታን ብቻ የሚያመለክት አይደለም፤ አንዳንዱ አድራሻ የገጹን ስም ከተናገረ በኋላ የባለቤቱን ማንነት፣ የሒሳቡን ቁጥር ወይም ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባውን ምልክት ጨምሮ ይዞ ይዞራል፤ እርሱንም ቀድቶ በቴሌግራም ቡድን የሚለጥፍ ሰው ያስተላለፈው ገጹን ብቻ እየመሰለው ከገጹ ጋር ጉዳዩን ሁሉ አሳልፎ ይሰጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በኮላ ድባና በጎንደር ዙሪያ ስልኩን ለገንዘብ፣ ለትምህርትና ለጉዳይ ማስፈጸሚያ የሚጠቀም ሰው እንዲህ ያለውን አድራሻ ከሌላው እንዴት እንደሚለይ፣ እንዴት እንደሚጠብቀው፣ ካመለጠውም ምን ማድረግ እንዳለበት በየተራው ማሳየት ነው።

የመልእክት ምሥጢር መጠበቅ ለአገራችን ሕግ እንግዳ ነገር አይደለም። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጹ፣ ሕግ ከፈቀደው በቀር የሰውን ደብዳቤ መክፈትንና የመልእክትን ምሥጢር መድፈርን ከልክሎ ነበር፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በዚያው በ26ኛው አንቀጽ በፖስታ የሚላኩ ደብዳቤዎችን፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚደረጉትንም ግንኙነቶች የማይደፈሩ አድርጓል። ይሁን እንጂ ሕግ የታሸገውን ደብዳቤ ይጠብቅ ይሆናል እንጂ፣ ላኪው ራሱ ምሥጢሩን በፖስታው ጀርባ ጽፎ ቢሰደው ተሸካሚው ሁሉ እንዳያነበው ሊያደርግ አይችልም፤ የማንነት መለያ የተጻፈበት አድራሻም ነገሩ ይኸው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጠባቂ ባለጉዳዩ ራሱ ነው።

አንደኛ፤ አድራሻውን ከራሱ እስከ ጫፉ ያንብቡ

ሊንክ በእጅዎ ሲገባ ከመንካትዎም ከመላክዎም በፊት ዓይንዎን በሙሉ ርዝመቱ ላይ ያሳልፉ። እስከ መጀመሪያው ነጠላ ስላሽ (/) ድረስ ያለው የድርጅቱ ስም ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ የገጹ ስም ይመጣል፤ ከዚያም የጥያቄ ምልክት ካለ፣ ከምልክቱ ወዲያ ያለው ሁሉ ስልክዎ ለድርጅቱ ኮምፒውተር ለይቶ የሚነግረው ቃል ነው። ይህንን ክፍል ሲመረምሩ፣ እንግሊዝኛ ብዙ ባያውቁ እንኳ፣ ሦስት ነገሮችን ይፈልጉበት፦ የራስዎን ስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል፤ የሒሳብ ወይም የመታወቂያ ቁጥርዎን፤ ደግሞም ትርጉም የሌለው የሚመስል ረጅም የፊደልና የአኃዝ ድብልቅ። ይህ ሦስተኛው ባለሙያዎች ቶከን የሚሉት ነው፤ ድርጅቱ ይህን የያዘውን ሰው እርስዎ ነዎት ብሎ የሚቀበልበት ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ የማይነበብ ስለሆነ ብቻ ሊናቅ አይገባውም።

ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ቢሹ፣ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሒሳብ ገንዘብ ሲያስተላልፉ የሚደርስዎትን አጭር መልእክት ይክፈቱ። በመልእክቱ ያለው የደረሰኝ ሊንክ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ «አይዲ» ይልና በኤፍና በቲ ፊደላት የሚጀምረውን የዝውውር ቁጥር ያስከትላል፤ በመጨረሻ ተጣብቀው የሚገኙት 8 አኃዞች ግን የዝውውሩ ሳይሆኑ የባለሒሳቡ የሒሳብ ቁጥር መጨረሻ ናቸው። ሊንኩ ሲከፈት የሚወጣው ደረሰኝ የሒሳቡን ቁጥር በኮከብ ሸፍኖ ጥቂት አኃዝ ብቻ ያሳያል፤ ነገር ግን የባንኩ የሒሳብ ቁጥር 13 አኃዝ ያለውና አብዛኛውን ጊዜ በ1000 የሚጀምር ስለሆነ፣ ደረሰኙ በኮከብ የሸፈነውን አድራሻው ከሞላ ጎደል ይገልጠዋል።

በዚህ ብቻ ገንዘብ ከሒሳብ አይወጣም፤ የሒሳብ ቁጥርም ሰው ለዕርዳታ ማሰባሰቢያ በአደባባይ የሚለጥፈው ነገር ነው። አሳሳቢው የከፋዩ ስም፣ የተቀባዩ ስም፣ የገንዘቡ ልክ፣ ቀኑና የተከፈለበት ምክንያት ሊንኩን ለያዘ ሁሉ ባንድነት መነበባቸው ነው። ይህን ሁሉ ያወቀ አታላይ ደውሎ «ከባንክ ነው፤ ትናንት ለእገሌ ይህን ያህል ብር አስተላልፈው ነበር፤ ዝውውሩ ስለተያዘ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን» ሲል፣ የሚናገረው ሁሉ እውነት ሆኖ ስለሚገኝ፣ ጠንቃቃ የነበረውም ሰው ይዘናጋል።

ሁለተኛ፤ አድራሻው የት የት እንደሚቀር ይወቁ

የይለፍ ቃል በሣጥኑ ውስጥ ሲጻፍ በነጥብ ተሸፍኖ ይሄዳል፤ አድራሻ ግን በደረሰበት ሁሉ ግልባጩን እየተወ ነው የሚያልፈው። በመጀመሪያ በተከፈተበት መሣሪያ የታሪክ መዝገብ ውስጥ ይቀራል፤ ክሮም ይህን መዝገብ በመሣሪያው ላይ ለ90 ቀን ያቆያል። ቀጥሎም በድርጅቱ ኮምፒውተር መዝገብ ይጻፋል፤ ያንን መዝገብ የሚያዩት ሠራተኞች የእርስዎን ጉዳይ እንዲያዩ የተፈቀደላቸው ላይሆኑ ይችላሉ። በቴሌግራም ሲለጠፍ ደግሞ፣ ከሊንኩ በታች የሚታየውን ርእስና ሥዕል ለማምጣት የቴሌግራም ኮምፒውተር ገጹን ራሱ ሄዶ ይከፍተዋል።

በአድራሻው መጀመሪያ የሚታየው ኤችቲቲፒኤስ የሚለው ምልክት በመንገድ ላይ ያለውን አድማጭ ይከለክላል፤ በመሐል ያለው ኔትወርክ የድርጅቱን ስም እንጂ ከስላሹ በኋላ ያለውን እንዳያይ ያደርጋል። ይህ ታላቅ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን ከመንገዱ ዳርና ዳር፣ ማለት በመነሻው ስልክና በመድረሻው ኮምፒውተር፣ ያለውን ግልባጭ አይነካም።

ብዙ ሰው የማያውቀው መውጫ ደግሞ ይህ ነው፦ አንድ ገጽ በውስጡ የሌላ ድርጅት ሥዕል፣ ማስታወቂያ ወይም መቁጠሪያ ካለበት፣ ብራውዘሩ ያንን ከሌላው ሲጠይቅ ከየት ገጽ እንደመጣ አብሮ ይናገራል። በዚህ መንገድ በጥር 2015 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን ገጽ የሆነው ሄልዝኬር ዶት ጎቭ የአመልካቾችን ዕድሜ፣ ገቢ፣ ማጨስ አለማጨስና እርጉዝነት በአድራሻው ውስጥ ጽፎ ለማስታወቂያ ኩባንያዎች ሲያሳልፍ ተገኘ፤ ነገሩ በጋዜጠኞች ከተገለጠ በኋላ ነው እንዲታረም የተደረገው። ከአካባቢያችን ምሳሌ ብንወስድ፣ በኮላ ድባ ጤና ጣቢያ ከ2002 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. በተደረገው ከ59 ሺህ በላይ የደም ምርመራ ላይ የተሠራው የወባ ጥናት ለዓለም ሁሉ ታትሞ ማንንም ያልጎዳው የሰው ስም ስላልተጣበቀበት ነው፤ ከነዚያ ውጤቶች አንዱ ብቻ ከባለቤቱ መለያ ጋር በአድራሻ ላይ ተጽፎ ቢወጣ ግን የሐኪም ምሥጢር ፈረሰ ማለት ነው።

ከ2020 እና ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ክሮምና ፋየርፎክስ ለሌላ ድርጅት የገጹን ሙሉ አድራሻ መናገር ትተው የድርጅቱን ስም ብቻ መናገር ጀምረዋል። ስለዚህ ብራውዘርዎን ማደስ ራሱ አንድ ጥበቃ ነው፤ ለዓመታት ያልታደሰ ብራውዘር በያዘ ስልክ የባንክ ጉዳይ አይፈጽሙ።

ሦስተኛ፤ ሊንኩ ቁልፍ መሆኑን ይፈትኑ

ይህ ፈተና ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም። ሊንኩን ይቅዱ፤ በክሮም ኢንኮግኒቶ የሚባለውን ስውር መስኮት ይክፈቱ፤ ሊንኩን በዚያ ለጥፈው ያስገቡት። በዚህ መስኮት ብራውዘሩ እርስዎን ስለማያውቅ፣ ገጹ የይለፍ ቃል ከጠየቀ አድራሻው ያለእርስዎ አይሠራም፤ ምንም ሳይጠይቅ ስምዎን፣ ገንዘብዎን ወይም ሰነድዎን ካሳየ ግን አድራሻው ራሱ ቁልፍ ነው። ከዚያ በኋላ የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ሁሉ ይመለከቱታል።

አራተኛ፤ የደረሰኝ ሊንክ ለተከፋዩ ብቻ ይላኩ

በገበያ ቀን ጤፍ ወይም ሽምብራ የሚሸጥ ነጋዴ በስክሪንሾት ብቻ አላምንም ቢል እውነት አለው፤ ሐሰተኛ የክፍያ ሥዕል ሠርቶ እህል ጭኖ መሄድ የታወቀ ማታለያ ሆኗልና። ለእንዲህ ያለው ነጋዴ የደረሰኙ ሊንክ ጥሩ ማረጋገጫ ነው። ሥርዓቱ ግን ይህ ነው፦ ሊንኩን ለተከፋዩ በግል ይላኩ እንጂ በቡድን አይለጥፉ። ዕቁብና ማኅበር የሚሰበስቡ ሰዎችም አባላት ደረሰኛቸውን በጋራው ቡድን እንዲለጥፉ ከማዘዝ ለጸሐፊው በግል እንዲልኩ ቢያደርጉ፣ ማን ስንት እንደሚከፍልና ከየትኛው ሒሳብ እንደሚከፍል መላው ቡድን አያውቅም። የቴሌብር የደረሰኝ ሊንክም የክፍያውን ቁጥር በአድራሻው ስለሚይዝ ጥንቃቄው አንድ ነው።

ተቀባዩም በበኩሉ ከመክፈቱ በፊት የድርጅቱን ስም ያረጋግጥ። ከመጀመሪያው ነጠላ ስላሽ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲያነብ የንግድ ባንኩ አድራሻ «ሲቢኢ ነጥብ ኮም ነጥብ ኢቲ» በሚለው፣ ወይም ከእርሱ ቀጥሎ በሚመጣ ሁለት ነጥብና ቁጥር፣ ማለቅ አለበት፤ የባንኩ ስም ከፊት ተጽፎ መጨረሻው ሌላ ከሆነ ደረሰኙ የባንኩ አይደለም። ከዚህ ይልቅ የሚሻለው ግን በራስ የባንክ አፕ ገብቶ ገንዘቡ መግባቱን ማየት ነው።

አምስተኛ፤ ትርፉን ቆርጠው ይላኩ

ከቲክቶክ፣ ከፌስቡክ ወይም ከዩቲዩብ የሚቀዳ ሊንክ ብዙ ጊዜ ማን እንዳጋራው የሚያመለክት ትርፍ ይዞ ይመጣል። ፌስቡክ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ውጭ በሚያወጡ ሊንኮች ላይ ጠቅ ያደረገውን ለመከታተል «ኤፍ ቢ ክሊክ አይዲ» የሚባለውን ምልክት ይጨምራል፤ የቲክቶክም ሊንክ ሲከፈት ያጋራውን ሰው ስም ሊያሳይ ይችላል። መድኃኒቱ ከጥያቄ ምልክቱ ጀምሮ ያለውን አጥፍቶ የቀረው አድራሻ መሥራቱን ማየት ነው። ከሠራ የተቆረጠው ለእርስዎ ሳይሆን ለድርጅቱ ብቻ የሚጠቅም ነበር። ካልሠራ፣ ለምሳሌ በረጅሙ የዩቲዩብ አድራሻ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለው «ቪ» የቪዲዮው መለያ ስለሆነ፣ እርሱን ትተው ከ«እና» ምልክቱ ወዲያ ያለውን ይቁረጡ። አጭሩን የቲክቶክ ሊንክ ግን መጀመሪያ በብራውዘር ከፍተው፣ ረጅሙ አድራሻ ሲወጣ ያንን ይቁረጡ።

ስድስተኛ፤ የሰነድና የቡድን ሊንክ ክፍት አድርገው አይተዉ

በጉግል ድራይቭ የትምህርት ማስረጃ ወይም የመታወቂያ ቅጂ ሲያስቀምጡ «ሊንኩ ያለው ሁሉ» የሚለውን ከመምረጥ የተቀባዩን ኢሜይል ይጻፉ። ሊንኩ ረጅም ስለሆነ ማንም አይገምተውም የሚለው ተስፋ የሚጸናው ሊንኩ ከእጅ እስካልወጣ ድረስ ነው፤ በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. የብዙ ዋትስአፕ ቡድኖች መግቢያ ሊንኮች በጉግል ፍለጋ ተገኝተው ማንም እየገባ የአባላቱን ስልክ ቁጥር ማየት ችሎ ነበር። ሊንክን ማሳጠርም አይሸሽገውም፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የኮርኔል ቴክ ተመራማሪዎች አጫጭር ሊንኮችን በኮምፒውተር እየገመቱ የማያውቋቸውን ሰዎች የግል ፋይሎች መክፈት እንደሚቻል አሳይተዋል።

ሰባተኛ፤ በኮምፒውተር ቤት ዱካዎን አጥፍተው ይውጡ

የዲቪ ማመልከቻ ለመሙላት፣ ፓስፖርት ለማስመዝገብ ወይም የፈተና ውጤት ለማየት ኮምፒውተር ቤት የሚገባ ሰው በመጀመሪያ በብራውዘሩ የቀኝ ጫፍ ያለውን ክብ ሥዕል ይመልከት። በዚያ የባለቤቱ ወይም ከእርሱ በፊት የተቀመጠው ሰው የጂሜይል ስም ካለና ማመሳሰል ከበራ፣ ደንበኛው የሚከፍተው አድራሻ ሁሉ ወደዚያ ሰው የጉግል ሒሳብ ይሄዳል፤ ያም ሰው ማታ ቤቱ ሆኖ በስልኩ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን የሚሉትን ባንድነት ተጭነው ስውር መስኮት ይክፈቱና ጉዳይዎን በዚያ ይፈጽሙ። ሲጨርሱ መጀመሪያ ከገጹ «ውጣ» በሚለው ይውጡ፤ ቀጥሎ መስኮቱን ይዝጉ፤ ያወረዱት ፋይል ካለ ከዳውንሎድ ማኅደርም ከሪሳይክል ቢንም ያጥፉት። በተራው መስኮት ሠርተው ከሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲሊት ተጭነው ታሪኩን ይሰርዙ። የኮምፒውተር ቤት ባለቤቶችም ብራውዘሩ በተዘጋ ቁጥር ታሪኩ እንዲጠፋ አድርገው ቢያስቀምጡ ለደንበኛቸው ታላቅ ውለታ ነው።

ስምንተኛ፤ ከጨዋታ ቦት ሊንክ አይቅዱ

በ2016 ዓ.ም. ሃምስተር ኮምባት የተባለው የቴሌግራም ጨዋታ የብዙ ወጣት ሥራ በሆነ ጊዜ፣ ጨዋታውን ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ረጅሙን አድራሻ የሚቀዱና ለባልንጀራ የሚልኩ ነበሩ። በቴሌግራም ውስጥ የሚከፈት እንዲህ ያለ አፕ ግን ከሃሽ ምልክት በኋላ የተጠቃሚውን የቴሌግራም መለያ፣ ስሙንና ማንነቱን የሚያረጋግጥ ፊርማ ይይዛል፤ ያንን አድራሻ የተቀበለ ሰው በዚያ አፕ ዘንድ እንደ ባለቤቱ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ጓደኛ ለመጋበዝ ቦቱ ራሱ የሚሰጠውን አጭር የግብዣ ሊንክ ብቻ ይጠቀሙ።

ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለኅብረት ሥራ ማኅበር ድረ ገጽ ለሚሠሩ

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲም ሆነ ከሌላ ቦታ ሙያውን ተምረው ለአካባቢያቸው ድረ ገጽ የሚሠሩ ወጣቶች፣ ከላይ ያለው ሸክም ሁሉ በተጠቃሚው ላይ የወደቀው ሠሪው ቀድሞ ስላላሰበበት መሆኑን ይረዱ። በግንቦት 2011 እ.ኤ.አ. ሲማንቴክ እንደገለጠው፣ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ የፌስቡክ አፕሊኬሽኖች የተጠቃሚዎቻቸውን ቶከን ሳያውቁ ለሌሎች ድርጅቶች ያፈስሱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የኢንተርኔትን ደንብ የሚያወጣው አይኢቲኤፍ በጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ. አርኤፍሲ 6750 በተባለው ሰነድ ቶከን በገጽ አድራሻ እንዳይተላለፍ መከረ፤ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአርኤፍሲ 9700 ምክሩን ወደ ክልከላ አጠበቀው። በተግባር የሚደረገው ይህ ነው፦

የተጠቃሚውን ቶከን በኩኪ ያስቀምጡ፤ ኩኪውንም ኤችቲቲፒ ኦንሊና ሴኪዩር በሚሉት ምልክቶች ይዝጉት። የተማሪን ወይም የታካሚን ቁጥር የሚቀበለውን ቅጽ በጌት ሳይሆን በፖስት ይላኩ፤ ጌት የተሞላውን ሁሉ በአድራሻው ላይ ያወጣዋልና። የይለፍ ቃል ለማደስ እንደሚላከው ያለ ቁልፍ በሊንክ መላክ ግድ ከሆነ፣ ቢያንስ 128 ቢት ካለው የዘፈቀደ ቁጥር ይሥሩት፤ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሠራ፣ በአጭር ጊዜም እንዲሞት ያድርጉ፤ ገጹ ሲከፈትም ወዲያው ንጹሕ ወደሆነ አድራሻ ያዛውሩት። እንዲህ ባለው ገጽ ላይ የሌላ ድርጅት ማስታወቂያና መቁጠሪያ አያኑሩ፤ ሪፈረር ፖሊሲውንም ኖ ሪፈረር ያድርጉት። የሰርቨሩ መዝገብ ከጥያቄ ምልክት በኋላ ያለውን እንዳይጽፍ ያዙ። 001፣ 002 እያሉ በተራ የሚሄዱ ቁጥሮችን መለያ አያድርጉ፤ አንዱን ያወቀ ቀጣዩን ለመክፈት አይቸገርም። ባለ 12 አኃዙን የፋይዳ ቁጥር ደግሞ በአድራሻ ውስጥ ፈጽሞ አያስገቡ፤ ያመለጠ ቶከን ተሰርዞ በሌላ ይተካል፣ ይህ ቁጥር ግን ከሰውየው ጋር የሚኖር ነው።

ይህን መጠበቅ የሙያ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግ ግዴታም ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ በሚገባ እንዲጠብቀው ያዛል፤ ተቆጣጣሪ አድርጎ የሰየመውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ነው።

ሊንኩ አምልጦ ከሆነ

በመጀመሪያ መልእክቱን «ለሁሉም» በሚለው ይሰርዙ፤ ለራስዎ ብቻ መሰረዝ ከሌላው ስልክ አያጠፋውም። ቀጥሎ ቁልፉን ይለውጡ፦ በጉግል ድራይቭ ማጋራቱን ይዝጉ፤ የዋትስአፕን ቡድን መግቢያ ሊንክ በአዲስ ይተኩ፤ በቴሌግራም ቅንብሮች «መሣሪያዎች» በሚለው ገብተው የማያውቁትን ሁሉ ያስወጡ፤ የይለፍ ቃልዎንም ይቀይሩ። የባንክ ደረሰኝ ሊንክ ግን በእርስዎ እጅ የሚሻር ስላልሆነ፣ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ክፍያ የሚደውልልዎትን ሰው ሁሉ፣ ዝርዝሩን አሟልቶ ቢያውቅም፣ አይመኑ፤ ስልኩን ዘግተው ራስዎ ለንግድ ባንክ በ951፣ ለቴሌብር በ127 ይደውሉ።

ከዚህ ሁሉ አንባቢው አንዱን ብቻ ቢይዝ፣ ሦስተኛውን ይያዝ፦ ያለ ይለፍ ቃል ጉዳይዎን የሚከፍት ሊንክ ጉዳዩ ለሚመለከተው ሰው በግል ይላካል እንጂ በቡድን አይለጠፍም። ዛሬ ማታ ስልክዎን ከፍተው ባለፈው ወር በቡድን ከለጠፏቸው ሊንኮች አንዱን በስውር መስኮት ይፈትኑ፤ ስምዎን ካሳየዎት ሳይውል ሳያድር ይሰርዙት፤ ፈተናውንም ስልክ ላልለመዱት ለአባትዎና ለእናትዎ ያስተምሩ።